ስለበሩ ብቻ ጤነኛ ያልኳቸው አምፖሎች

ይህን ነገር ለሚስቴም አልነገርኳትም። ሌላውን ሁሉ ስነግራት ኖሬ ይህን አንዱን ሆድ ይፍጀው ብዬ ይዤዋለሁ። እኛ ዘንድ ነፍስ አባት የሚባል የለም። ሰው ጥፋቱን ለፈጣሪው ይናገራል፤ የበደለውን ሰው ደግሞ ራሱ ሄዶ አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ ይላል። እኔ የመጀመሪያውን አድርጌያለሁ፣ ሁለተኛው ነው ያቃተኝ። ስለዚህ ፊቴን የማታየውን አንተን ያዝኩ። ቀላሉን መንገድ እንደመረጥኩ ከአሁኑ እወቅልኝ።

ጭሮ ውስጥ ኤሌክትሮኒክስ እጠግናለሁ፤ ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥን፣ ስፒከር፣ አሁን አሁን ደግሞ በብዛት ሞባይል። ሸምሱ ያቃተው አይጠገንም ይባላል። ወሬውን ማን እንደጀመረው አላውቅም፤ እኔ ግን አላስቆምኩትም።

ጋሽ ታምራት ከደሴ ተመድበው መጥተው እዚሁ የቀሩ የጂኦግራፊ አስተማሪ ናቸው። እኔንም አስተምረውኛል። ከጭሮ እስከ ሂርና፣ ወዲያም እስከ ቦኬ፣ የእርሳቸው ጊታር ያልተሰማበት ሰርግ ጥቂት ነው። አምፕሊፋየራቸውን በወጣትነታቸው ድሬዳዋ ነው የገዙት። ከኋላው ሲከፈት እንደ ትንንሽ ጠርሙስ የቆሙ የመስታወት ቫልቮች አሉት፤ እርሳቸው አምፖል ይሏቸዋል። ሲሞቁ ይበራሉ፣ የጊታሩን ድምፅ የሚያጎሉትም እነሱ ናቸው።

ከሰባት ዓመት በፊት አንድ ቀን ረፋድ ላይ በባጃጅ አስጭነው አመጡልኝ። ሴት ልጃቸው ሕይወት ልታገባ ሦስት ሳምንት ቀርቷት ነበር። ሰርጉ ሂርና ነው። ከሕፃንነቷ ጀምሮ "በሰርግሽ ቀን እኔ ነኝ የምጫወተው" እያሉ ነው ያሳደጓት።

"ሸምሱ፣ ልጄ፣ ድምፁ ደክሟል" አሉኝ። "ቀጭኑ ክር ጥርት ማለቱን ትቷል፤ ወፍራሙ ደግሞ ልፍስፍስ ብሏል። አምፖሎቹ መቀየሪያቸው ደርሶ ይሆን?"

በሽታውን አንድ ሳያጎድሉ ነበር የነገሩኝ። እኔ ግን በዕድሜዬ ቫልቭ ያለው ዕቃ ከፍቼ አላውቅም። አላውቅም ማለት ምን ነበረበት? አንዲት ቃል ናት። ሱቁ ውስጥ ግን ሞባይላቸውን የሚጠብቁ ሰዎች ነበሩ፣ ሁሉም እኔን ያያሉ። ከፍቼ ሰካሁት። አምፖሎቹ አንድ በአንድ በሩ። አምፖል ከበራ ደህና ነው፣ ይህን ማን ያጣዋል ብዬ አሰብኩ። መለኪያዬን እዚህም እዚያም ነካ ነካ አደረግሁ፤ ምን እንደምለካ ሳላውቅ፣ ለተመልካች።

"ደህና ነው ጋሼ" አልኳቸው።

"እርግጠኛ ነህ? እኔ የሚሰማኝ ግን..."

እዚህ ላይ መመለስ እችል ነበር። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነብኝ። "ወላሂ ምንም አልሆነም!" አልኩ፤ በአላህ ስም ማልኩ። እዚያ ላይ አፌን ብዘጋ እንኳ ደግ ነበር። ግን ዕቃው ደህና ከሆነ ጥፋቱ የሆነ ቦታ መሄድ አለበት አይደል? "አይቀየሙኝና ጋሼ፣ ዕድሜ ሲገፋ ጆሮም ይደክማል" ብዬ ጨመርኩበት። እኔ ነኝ ያልኩት። ማንም አላስገደደኝም።

ቀኝ ጆሯቸውን በመዳፋቸው ሸፈን ገለጥ አደረጉ፣ ሊፈትኑት። ከዚያ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው "እውነቱን ስለነገርከኝ አመሰግናለሁ" ብለውኝ አምፕሊፋየሩን ሳይወስዱ ሄዱ።

ሰርጉ ላይ ተጠርቼ ነበር፣ ሄድኩ። ኪቦርድ ተጫዋች ከአዳማ አስመጥተዋል። ጋሽ ታምራት ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጠዋል፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው። ሕይወት ቬሎዋን ሰብስባ እግራቸው ሥር ተንበረከከችና ለመነቻቸው። አንድ ዘፈን ብቻ፣ አባዬ፣ አለቻቸው። "በትክክል የማልሰማውን እንዴት ልጫወት? በሰው ፊት ላዋርድሽ?" አሏት። እንባዋን እየጠረገች ተመለሰች። እኔ ለሙስሊም እንግዶች ለብቻ የታረደውን ሥጋ እየበላሁ ሁሉንም ሰማሁ። ያን ጊዜ መሳሳቴን አውቅ ነበር? አላውቅም ነበር። አለማወቄን ግን አውቅ ነበር፤ ለወንጀል እሱ ይበቃል።

ሰርጉ ባለፈ በሳምንቱ ጊታራቸውን ለእህታቸው ልጅ ሰጡት። አምፕሊፋየሩን ደግሞ "ለመለዋወጫ ይሁንህ" ብለው እኔው ጋ ተዉት።

ከአራት ወር በኋላ ዕቃ ልገዛ ድሬዳዋ ወርጄ ሬዲዮ ሲጠግኑ ያረጁ፣ ዩሱፍ የሚባሉ ሰው አገኘሁ። ቫልቭ መቼ ነው የሚቀየረው ብዬ እንደ ዋዛ ጠየቅኳቸው።

"ድምፁ ሲነግርህ ነዋ። ጥርት ማለቱ ሲጠፋ፣ ወፍራሙ ሲላላ፣ ጉልበቱ ሲያንስ። በእርሳስ ቀስ ብለህ ስትነካው ከጮኸም አውጣው።"

"ቢበራስ?"

"አቦ፣ መብራቱን ተወው! ደክሞም ይበራል። ቀስ እያለ ስለሚደክም ደግሞ ባለቤቱ እንኳ አይለየውም። የሚለይ ጆሮ ያለው ሰው ካገኘህ እጁን ሳመው።"

ቫልቮቹን ከእርሳቸው ገዝቼ ተመለስኩ። ቀየርኳቸው፣ ከጎረቤት ጊታር ተውሼ ሰካሁ፣ መጫወት ስለማልችል ቀጭኑን ክር ብቻ መታሁት። ጥርት አለ። ወፍራሙን መታሁት፤ ጠረጴዛው ላይ የነበረው ብሎን ሁሉ ተንቀጠቀጠ። ሱቁን ዘግቼ አለቀስኩ።

ከዚያስ? ከዚያማ ለጋሽ ታምራት ነገ እነግራቸዋለሁ አልኩ። ነገ አለፈ። ረመዳን ሲገባ አልኩ፣ ገባ፣ ወጣ። ለሐሰት መሐላዬ ማስተሰረያ ድሆች አበላሁ። የሰው ሐቅ ግን በማብላት ይወርዳል? እርሳቸው ደግሞ በከተማው እየዞሩ "ሸምሱ ጋ ሂድ፣ ቢያስከፋህም እውነቱን ነው የሚነግርህ" ይላሉ። በእርሳቸው ምስክርነት ስንት ሰው መጣልኝ! መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ቆመው ልጆቼን በስማቸው እየጠሩ ይጠይቁኛል። እኔም "አልሐምዱሊላህ ጋሼ" እላለሁ። አንድም ቀን አምፖሎቹ ደክመው ነበር አላልኩም። ሰባት ዓመት ሙሉ አላልኩም።

ባለፈው ሳምንት ሕይወት አባቷን ልትጠይቅ ከሂርና መጥታ ሱቄ ጎራ አለች። "አባዬ ጭራሽ አይሰማም አሁን፣ ጆሮው ሥር ካልጮህን" አለችኝ። "አንተ እኮ ያኔ ነግረኸው ነበር።"

"አዎ" አልኳት።

አዎ አልኳት! ዓይኗን እያየሁ እንደገና ሠራሁት። በዚህኛው ጊዜ ተመልካችም አልነበረም፤ እኔና እሷ ብቻ።

ወጣት ነበርኩ አልልም። አላወቅሁም ነበርም አልልም፤ ያላወቅሁት አራት ወር ነው፣ የቀረው እያወቅሁ ነው። ያን ጊዜ የእርሳቸው ጆሮ ከእኔ መለኪያ ይበልጥ ነበር። ሊጫወቱ የሚችሉባቸውን ዓመታት ወሰድኩባቸው፤ አሁን አምፕሊፋየሩን ተሸክሜ ብሄድ ምኑን ይሰሙታል? ቢሆንም እሄዳለሁ። ያኔ ብሄድ ኖሮ ጎንበስ ብዬ ሹክ ብላቸው ይበቃ ነበር። አሁን ግን እንዲሰሙኝ፣ ሕይወትም ጎረቤቱም መንገደኛውም እየሰማ፣ በራቸው ላይ ቆሜ መጮኽ አለብኝ። ይገባኛል።