አራተኛው ቤት ላይ ያስቆምኳቸው ጋሼ ተገኘ

ዛሬ ጠዋት ሚግዳል ገበያ ቲማቲም ስመርጥ ነበር የጋሼ ተገኘ ልጅ የደወለችው። "አባዬ አረፈ" ስትለኝ ውሸት ነው ብዬ ጆሮዋ ላይ ዘጋሁባት።

መልሼ ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኳት። እሷም "እኔም አላመንኩም" አለችኝ። ቀብሩ ዛሬ ከሰዓት ነው፤ ይሄን የምጽፈው አውቶቡስ እየጠበቅኩ ነው።

ለማታውቋቸው፦ ጋሼ ተገኘ ጡረታ እስኪወጡ ፋብሪካ ሠርተው፣ ከዚያ በኋላ እዚህ እስራኤል፣ አሽቀሎን ከተማ ውስጥ ትምህርት ቤት ለትምህርት ቤት እየዞሩ የጎንደርን ቤተ እስራኤል ታሪክ ለልጆች ያስተማሩ ሰው ናቸው። ሰባት ቤት ይቆጥሩ ነበር። በኛ ባህል ሁለት ልጆች ሊጋቡ ሲሉ ዝምድና እንዳይኖራቸው እስከ ሰባተኛው አያት ይቆጠራል። የሌላውንም ሰው ቤት ሁሉ በቃላቸው ይዘውት ነበር። ጎንደር የቀረ ዘመዱን ለማስመጣት የሚለፋ ሰው ወረቀት ሲጎድለው የሚያንኳኳው የሳቸውን በር ነበር።

እኔ ደግሞ አስተባባሪ ነኝ። የአገሩንና የከተማችንን ታሪክና ባህል ለሕዝብ ማቅረብ ነው ሥራዬ፤ እዚህ ሞሬሼት ይሉታል፣ ቅርስ ማለት ነው። ጋሼን ይዣቸው ክፍል ለክፍል የምዞረው እኔ ነበርኩ።

አንድ ቀን ራማት ኤሽኮል ሰፈር አንድ ትምህርት ቤት ክፍል ገባን። ከኋላ አንዲት ልጅ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታለች። የማን ልጅ እንደሆነች ጠየቋት። ቀና ሳትል፣ በዕብራይስጥ፣ የዳኒ አለቻቸው።

ጋሼ ሳቁ። "ዳኒ ሥራ ቦታ የወጣለት ስም ነው፤ አባትሽ ዳኛቸው ነው" አሏትና ከዳኛቸው ጀምረው አያት ቅድመ አያቷን እየጠሩ እስከ ሰባት ወሰዷት። አንደኛው ቀጥቃጭ እንደነበር፣ ማረሻው እስከ ሌላ አገር እንደሚፈለግ ነገሯት። ልጅቱ ተነሳች። "ሬጋ፣ ሬጋ ጋሼ፣ ልጻፈው" አለች፤ ቆይ፣ ቆይ ማለቷ ነው። ደብተር አላወጣችም ነበርና ክንዷ ላይ ጻፈችው። ስንወጣ ለሁሉም የሚሉትን አሏት፦ "ከየት መጣሽ ሲሉሽ አገር አትጥሪ፣ ሰው ጥሪ።"

አሁን መራራውን ልንገራችሁ።

ባለፈው የቅርስ በዓል አፍሪዳር ሰፈር ባለው አዳራሽ ለየማኅበረሰቡ መድረክ ተሰጠ። ለኛ አምስት ደቂቃ፣ ከዚያ እስክስታ። አዘጋጆቹ አንዲት የሣር ጎጆ አቁመው ጋሼን ካባ አልብሰው ደጇ ላይ ሊያስቀምጧቸው ፈለጉ። እሳቸው ዘወትር ኮት የሚለብሱ ሰው ናቸው። ጎጆዋን ዞረው አዩና "በር የላትም፤ በምን ገብቼ በምን እወጣለሁ?" አሉኝ። ለፎቶ ብቻ ነው ጋሼ አልኳቸው። ለኔ ብለው ለበሱ።

መድረክ ላይ ሲወጡ ከሰው ሁሉ የኔን ቤት ለመቁጠር መረጡ። አያቴ ጎረቤታቸው ነበሩ። አባቴ የሞተው አዲስ አበባ ወደዚህ ለመምጣት ተራ ስንጠብቅ ነው፣ እኔ አፌን ሳልፈታ። ከሱ ወገን የቀረኝ ዘመድ የለም፤ ከአያቴ በላይ ማን እንዳለ በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ጋሼ ይሄን ያውቃሉ። ስጦታ ነበር የያዙልኝ።

ከአባቴ ጀመሩ፦ አስረስ የወርቁ፣ ወርቁ የእንግዳው፣ እንግዳው የቢያድግልኝ። ለእያንዳንዱ አንድ ነገር ያወሩለታል፤ ማን ደግ፣ ማን ቁጡ እንደነበረ። አራት ደረሱ። ጨፋሪዎቹ ጥግ ላይ ቆመዋል፣ የድምፅ ባለሙያው ሰዓት ያሳየኛል። እጄን አንስቼ ይብቃ አልኳቸው።

በገዛ እጄ። ፕሮግራሙ እንዲያምር ብዬ።

አልተቆጡም። ካባውን አጣጥፈው ሰጡኝና "የገዛ አያቶቿን አሳጥሩልኝ ያለች ሰው ገና ዛሬ አየሁ" አሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ደውዬ የቀሩትን ሦስቱን ይንገሩኝ አልኳቸው። በስልክ አይቆጠርም፣ ቁጭ ተብሎ ነው፣ እሑድ ከሥራ ስትወጪ ነይ አሉኝ። መቅጃ ይዤ እመጣለሁ፣ የሁሉንም ሰው ቤት እንቀዳለን አልኩ። እዚህ እሑድ የሥራ ቀን ነው፤ ስብሰባ ነበረኝ። የሚቀጥለው እሑድም ሌላ ስብሰባ፣ ያውም ስለ ቅርስ አያያዝ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለችው እኔ ነኝ።

ዛሬ አዘጋጆቹ በር የሌላትን ጎጆ ፎቶ ለጥፈው "ሕያው ቅርሳችን" ብለው ጽፈዋል። ከሥሩም ቀይ ልብ። ተናድጃለሁ፤ እባካችሁ አታጋሩት። በሕይወት ሳሉ አምስት ደቂቃ ሰጥታችኋቸው ዛሬ ሕያው ትሏቸዋላችሁ? "ሰጥተናቸው" ልበል እንጂ። ሰዓቱን የያዝኩት እኔ ነበርኩ።

ጋሼ የቆጠሩላችሁ ሁሉ፣ የምታስታውሱትን ዛሬውኑ ጻፉት። ያቺ ክንዷ ላይ የጻፈች ልጅ ከኔ ከአስተባባሪዋ በልጣ ተገኝታለች። ሰባቱም አሏት።

ጋሼ ተገኘ፣ ዛሬ ሰዓት የሚይዝብዎት የለም። እሑድ አልመጣሁም፣ ይቅር ይበሉኝ። እዚያ አባቴን ካገኙት ሦስቱን ለሱ ይቁጠሩለት፤ እሱ እንኳ ሙሉ ይሁን። እኔ ከየት መጣሽ ሲሉኝ እንዳስተማሩኝ ሰው እጠራለሁ፦ የአስረስ፣ የወርቁ፣ የእንግዳው፣ የቢያድግልኝ። ከዚያ ዝም እላለሁ።

ደህና ይሁኑ ጋሼ።