ፕላዝማውን ዝም ያሰኘችው መምህርት

ዘውደነሽ አፏን መያዝ የሚሆንላት ሴት አልነበረችም። ጎሬ ፍርድ ቤት ጸሐፊ የነበሩት አባቷ «ይህች ልጅ ዳኛ ፊት ብትቆም ይግባኝ የሚለው ዳኛው ነው» እያሉ ይስቁባት ነበር። ኦሮምኛውን ከሰፈር ልጆች፣ አማርኛውን ከቤት፣ እንግሊዝኛውን ከትምህርት ቤት ለቅማ ሦስቱንም ያለ ፍርሃት ትናገራለች። መምህርት ሆና ቡሬ ጥቂት ዓመት ካስተማረች በኋላ መቱ ወደሚገኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተዛወረች፤ እዚያም የአሥረኛ ክፍል እንግሊዝኛ ተሰጣት። ተማሪዎቿ «ቲቸር» ይሏታል፣ ይወዷታል፣ ይፈሯታልም።

ከዚያ ፕላዝማው መጣ። በብረት ሳጥን የተቆለፈ ትልቅ ቴሌቪዥን በየክፍሉ ቆመ፣ ትምህርቱም ከአዲስ አበባ በሳተላይት ይተላለፍ ጀመር። የክፍሉ መምህር ሥራ ከፍቶ መግቢያ መናገር፣ አጠቃሎ መዝጋት ሆነ። የፕላዝማዋ አስተማሪ ደግሞ ማንንም አትጠብቅም። ትጠይቃለች፣ ትንሽ ሙዚቃ ታሰማለች፣ መልሱን ራሷ ትናገራለች፣ ከዚያ ፈገግ ብላ «በጣም ጎበዞች» ትላለች። ክፍሉ ውስጥ ግን ልጁ ሁሉ ወደ ጎረቤቱ ጠጋ እያለ «ማል ጄቴ?» ይላል፤ ምን አለች ማለቱ ነው። ዘውደነሽን ያበገናት ፍጥነቱ ብቻ ሳይሆን ያ ምስጋና ነበር። ያልሠራን ልጅ ጎበዝ ማለት ከመስደብ አይለይም ትል ነበር፤ በዚህስ ማን ይፈርድባታል?

ለአንድ ዓመት ቻለች። በሁለተኛው ዓመት ትዕግሥቷ አለቀና አንድ ቀን የፕላዝማውን ድምፅ ዘጋችው። ሴትየዋ ሳጥኗ ውስጥ አፏን እያንቀሳቀሰች ቀረች፣ ዘውደነሽም ጠመኔ አንስታ የዕለቱን ትምህርት መጀመሪያ በኦሮምኛ፣ ቀጥሎ ቀስ እያለች በእንግሊዝኛ አስረዳች። ከዚያም የራሷን ዘዴ አመጣች። ልጆቹ ከቤታቸው እንቆቅልሽ ይዘው ይመጣሉ፣ በእንግሊዝኛ ይጠይቃሉ። መልሱ የጠፋበት እንደ ወጉ አገር ይሰጣል። አገር የተሰጠው ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ በተሰጠው አገር ገብቶ ምን እንዳየ፣ ማንን እንዳገኘ፣ ምን እንደበላ በእንግሊዝኛ መተረክ አለበት። ጎሬን የተቀበለ በጎሬ ይነግሣል፣ ቡሬን የተቀበለ ቡሬ ገበያ ይውላል። ከመስከረም እስከ ጥር ድምፃቸውን ሰምታ የማታውቃቸው ልጆች ሲነግሡ አፋቸው ተፈታ።

ከሁሉም ይበልጥ አንጀቷን የበላቻት ቢሊሴ ነበረች። ቢሊሴ ከሶር ፏፏቴ አቅራቢያ ካለ ገጠር መጥታ፣ ከተማ ውስጥ ከሁለት ልጆች ጋር ጓዳ ተከራይታ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ስንቋን ከቤቷ እያመጣች የምትማር ልጅ ናት። አባቷ አሥረኛን ካላለፈች ትምህርቱ በዚያ እንደሚያበቃ ቁርጡን ነግረዋታል። የሚጥላት ደግሞ እንግሊዝኛ ነበር። አሁን ግን አገር የተሰጣት ቀን ማንም አያስቆማትም።

ችግሩ ነገሩ ክልክል መሆኑ ነው። ዘውደነሽ በግምገማ ላይ ፕላዝማውን በመዝለፏ አንድ ማስጠንቀቂያ ተጽፎባታል። ሁለተኛ ከደገመች ከክፍሏ ተነስታ ወደ ሌላ ወረዳ እንደምትሄድ ርዕሰ መምህሩ አቶ መክብብ በግልጽ ነግሯታል። መክብብ ክፉ ሰው አይደለም፤ ድምፁን እንደምትዘጋው ያውቃል፣ በዚያ ኮሪደር ባለማለፍ ብቻ ያልፈዋል። ልጆቹም የድርሻቸውን ያዙ። የክፍሉ አለቃ ሌንጮ በመስኮቱ በኩል ይቀመጣል፣ እንግዳ ሰው ካየ ያስላል። ሪሞቱ ቢሊሴ እጅ ነው፤ ሳል ስትሰማ ድምፁን ትለቃለች።

ብሔራዊ ፈተናው አንድ ወር ሲቀረው ሌንጮ አሳለ።

የመጡት ከዞን የተላኩት ሱፐርቫይዘር አቶ አራርሳ ነበሩ፤ መክብብ ከኋላቸው ፊቱ አመድ መስሏል። ቢሊሴ ድምፁን ለቀቀች፣ ዘውደነሽ ጠመኔውን ኪሷ ከትታ ጥግ ያዘች። አቶ አራርሳ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ትምህርቱ እንዳለቀ ተነሱና አንዱን ልጅ በእንግሊዝኛ ዛሬ ምን እንደተማረ ጠየቁት። ልጁ ተቁለጨለጨ። ጨነቀው። ጨንቆትም፣ መልስ ሲጠፋው ማለት የለመደውን ጥርት ባለ እንግሊዝኛ «ጎሬን ሰጥቼዎታለሁ» አላቸው።

አቶ አራርሳ ወደ ዘውደነሽ ዞሩ። ምን ማለቱ ነው ቢሉ ምን ልትመልስ ነው? ፕላዝማው ውስጥ ጎሬን የሚሰጥ ሰው የለም። እጇ ኪሷ ውስጥ ጠመኔውን ሰበረው።

ያን ጊዜ ቢሊሴ ብድግ አለች። ለእንግዳው የተሰጠውን ጎሬ ራሷ ተቀበለችና ኮረብታውን ወጣች፣ በቤተ ክርስቲያኑ በኩል አለፈች፣ ከቡና ነጋዴ ጋር ተከራከረች፣ ሚኒባስ ሞልቶባት በእግሯ ተመለሰች፤ ሁሉንም በእንግሊዝኛ። አቶ አራርሳ አፋቸውን ከፍተው ሰሙ። ሌላ ጠየቁ፣ ሌላውም ተረከ። ሲጨርሱ አጨበጨቡና ፕላዝማው ይፈጥናል የሚሉ መምህራን ስም አጥፊዎች መሆናቸውን ዛሬ በዓይናቸው እንዳዩ ተናገሩ። ይህ ክፍል ሞዴል ይሆናል፣ የጎሬና የቡሬ መምህራን መጥተው ልምድ ይቅሰሙ ብለው ወጡ።

ዘውደነሽ በዚያ ቀን ከሞት እንደተረፈ ሰው ስትስቅ ዋለች። እኔ ግን ይህን ሳቅ አልወድላትም፤ ደግ ሳቅ አልነበረም።

የልምድ ልውውጡ በሳምንቱ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሆነ። ልጆቹ ለመምህራኑ ተረኩ፣ ተጨበጨበ፣ ተሸኙ። አቶ አራርሳ ውጤቱ የፕላዝማው መሆኑን አብራርተው አስተያየት ያለው ይናገር አሉ። ከቡሬ የመጣች አበባየሁ የምትባል ወጣት መምህርት ተነሳች። የእሷ ተማሪዎች ፕላዝማውን እንደማይከተሉት፣ ዘግታ በኦሮምኛ ልታስረዳ ስትል ተከሳ ማስጠንቀቂያ እንደተሰጣት ተናገረች። ከዚያ ወደ ዘውደነሽ ዞረች።

«እትዬ ዘውደነሽ፣ እርስዎ ቡሬ ያስተማሩ ነዎት፤ ልጆቹን ያውቋቸዋል። እውነት እነዚህ ልጆች ይህን ሁሉ የተማሩት ከፕላዝማው ነው?»

መክብብ ጫማውን ያያል። ዘውደነሽ ተነሳች። ፈተናው ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ዛሬ ከተናገረች ሰኞ ሌላ ሰው ክፍሏ ይገባል፣ ሴትየዋም ሳጥኗ ውስጥ ሆና ቢሊሴን ጎበዝ እያለች ትጥላታለች። ዳኛ የማትፈራው የጎሬዋ ልጅ ፈራች።

«አዎ» አለች። «ከፕላዝማው ነው።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አበባየሁ አንገቷን ደፍታ ተቀመጠች፣ ስብሰባውም በጭብጨባ ተዘጋ።

ዘውደነሽ ከአዳራሹ ሹልክ ብላ ልትወጣ ነበር፤ አበባየሁ በር ላይ ደረሰችባት። ዘውደነሽ ልትወቅሳት የመጣች መስሏት መልስ አዘጋጀች። ልጅቷ ግን ሁለት እጇን ዘርግታ ጨበጠቻትና አመሰገነቻት።

«ጥፋቱ የመሣሪያው ይመስለኝ ነበር፤ ለካ የኔው ነው። ማስተማሩ አልተሰጠኝም። አሁን አይቼ ቆረጠልኝ፣ ልተወው ነው።»

ይህን ብላ በትሕትና ተሰናበተችና ወደ መናኸሪያ ወረደች። አምናታለች። ዘውደነሽ ስድቡን ብትቀበል ይሻላት ነበር። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የሚያድርበት ጊዜ ላለው ሰው መልካም ምክር ነው። የቡሬው መኪና ግን እየሞላ ነበር።

ነጠላዋን አጣፍታ ሮጠች። ስትደርስ ረዳቱ በሩን እየዘጋ ነው። በመስኮቱ ተንጠልጥላ፣ ተሳፋሪ እየሰማ፣ ሁሉንም ነገረቻት፤ ድምፁን እንደምትዘጋው፣ እንቆቅልሹን፣ ሳሉን፣ ልጆቹን ያስተማረቻቸው ራሷ እንጂ ሳጥኑ አለመሆኑን። አበባየሁ አልተቆጣችም፣ የሚብሰውም ይኸው ነበር።

«ለእኔ ምን ያደርግልኛል እትዬ? የሚፈርዱብኝ እነሱ ናቸው» አለች፣ መኪናውም ሄደ።

ዘውደነሽ መናኸሪያው መካከል ቆማ ቀረች። ደሟ ፈላ፤ በአራርሳ ላይ፣ በመክብብ ላይ፣ ከሁሉ አስቀድሞ በራሷ ላይ። ቢሊሴን አሰበች። ልጅቷን ለማዳን ሌላይቱን መግፋቷን አሰበች። የአበባየሁም ክፍል ውስጥ ስሟን የማታውቃት፣ ቅዳሜ ስንቅ የምታመጣ፣ አባቷ ቁርጡን የነገሯት ልጅ አለች። ይህ ሐሳብ ከመጣባት በኋላ እግሯ ራሱ ዳገቱን ወጣ።

ዞን ጽሕፈት ቤቱ ሊዘጋ ሲል ገባች። አቶ አራርሳ ኮታቸውን ለብሰው ቁልፍ ይዘው ቆመዋል። እንድትቀመጥ እንኳ ሳይጋብዟት ቆማ ተናገረች፤ ከመጀመሪያው ቀን እስከ ጎሬ መሰጠት ምንም አላስቀረችም። ሰውዬው እየሰሙ ቀስ ብለው ኮታቸውን አወለቁ። ሰኞ ክፍሏን እንደምታጣ ታውቃለች ወይ ብለው ጠየቋት። ታውቃለች። ልጆቹ ፈተና ላይ ናቸው፣ ይህንንስ? ይህንንም ታውቃለች፤ ስትመልስ እንባዋን አልደበቀችም።



«መምህርት ዘውደነሽ፣ ሪፖርቱ እኮ ሄዷል» አሏት አቶ አራርሳ። «የእርስዎ ክፍል ተጠቅሶ ለክልል ተልኳል። ከየወረዳው ፕላዝማ ሲዘጉ የተገኙ መምህራን ስምም አብሮ ሄዷል። የቡሬዋም አለችበት።»

ዘውደነሽ ወንበሩን ስባ ተቀመጠች።

«እንግዲያው ሌላ ይጻፉ» አለች። «በአዲሱ ላይ ፕላዝማ ከዘጉት ጋር የኔንም ስም ያስገቡት። እስኪጨርሱ እዚሁ ነኝ።»