የጥልፍ ፕሮግራማችንን የሠራው ይበልጣል

ዛሬ ጠዋት ስልክ ተደውሎ «ይበልጣል አረፈ» ሲሉኝ «የትኛው ይበልጣል?» አልኩ። እኛ አገር ይበልጣል የሚባል ሰው ሞልቷል። የማውቃቸውን ሁሉ እየጠራሁ እሱ ጋ ላለመድረስ ሞከርኩ።

የኛው ነው። ባህር ዳር ታሞ ተኝቶ የነበረው፣ በቀደም «ተሽሎኛል እትዬ፣ ሾርባ ጠጣሁ» ብሎ የደወለልኝ።

እስካሁን አላመንኩም። ግን ነገ ደብረ ኤልያስ፣ በተወለደበት አጥቢያ ይቀበራል። እናቱ ደግሞ የሳጥኑን ማልበሻ እኔ እንድጠልፈው አደራ ብለው ላኩብኝ። ጨርቁ ጠረጴዛዬ ላይ ተዘርግቷል። የሚጠለፍበትን መስቀል የማወጣው ከኮምፒውተሩ ነው፣ ፕሮግራሙን የሠራው ደግሞ እሱ ነው። እጄ አልሄድ ቢለኝ ነው ስልኬን አንስቼ እዚህ የምጽፈው።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። እኔ ደብረ ማርቆስ የሀበሻ ልብስ ጥልፍ ቤት አለኝ። ይበልጣል ጎረቤቴ ነበር፤ ኮምፒውተር ይጠግናል፣ ፕሮግራም ይጽፋል። ያኔ ደንበኞቼ ጥልፍ የሚመርጡት ከስልክ ፎቶ ነበር። ትንሽ ሰፋ ሲያደርጉት መስቀሉ የተበጠበጠ ሽሮ ይመስላል።

አንድ ቀን ቆሞ አየና «ፎቶ እኮ ነጠብጣብ ነው፣ ሲለጠጥ ይደበዝዛል። ቬክተር እናድርገው» አለ። ቬክተር ምንድን ነው ስለው «ሥዕሉ ራሱ አይቀመጥም። ከዚህ ተነሥተሽ እዚያ ድረሽ፣ እዚህ ጋ ታጠፊ የሚል ምሪት ነው የሚቀመጠው። ኮምፒውተሩ እሱን እያነበበ በፈለግሽው መጠን ይሥላል» አለኝ።

አወራሩ ቀላል ነበር፣ ሥራው ግን አልነበረም። የፕሮግራሙ መስኮት ምሪት አያሳይም፤ የሚያሳየው ምስል ነው። ስለዚህ ምሪቱን ወደ ምስል የሚቀይር ነገር መጻፍ ነበረበት። መጀመሪያ ምስሉን አንዴ በትንሹ ሠርቶ፣ እየለጠጠ አሳየኝ። «ይሄማ ያው ፎቶ ነው» አልኩት። ሳቀ። ከዚያ በየቅጽበቱ እንደ አዲስ እንዲሣል አደረገው፤ አሮጌዋ ኮምፒውተሬ ማቃሰት ጀመረች። በመጨረሻ አንዴ የሣለችውን ይዛ እንድትቆይ፣ መጠኑ ሲቀየር ብቻ ዳግመኛ እንድትሥል አደረጋት። ያን ቀን ደንበኛዬ የቀሚሷን ጥልፍ በልኩ፣ ጥርት ብሎ ስክሪን ላይ አየች። እኔ ኮራሁ። እሱ ሻይ አምጡልኝ አለ።

በደነገጥኩ ቁጥር የሚላት ነገር ነበረችው፦ «መስመሩ ካለ ሥዕሉ አይጠፋም፣ እትዬ።» መብራት ሲጠፋ ይላታል፤ ኮምፒውተሯ ስታክ ስታደርግ ይላታል። የቤት ኪራይ ሲጨምሩብኝም ብሏታል። ለኪራዩ ምን እንደምትረዳ እስካሁን አልገባኝም።

ሞተ ብዬ መልአክ አላደርገውም፣ ጥፋትም አጥፍቷል። አንዴ ከሌላ ቦታ የመጡ ሥዕሎችን ፕሮግራሙ እንዲከፍት አደረገ። የእኛ ስክሪን የመስመሩን ቦታ ከላይ ወደ ታች ይቆጥራል፤ እነዚያ ሥዕሎች ከታች ወደ ላይ የሚቆጥሩ ኖረዋል። መስቀሉ ተዘቅዝቆ ወጣ። አራቱ ክንዶች ስለሚመሳሰሉ፣ ዙሪያውም ሐረግ ስለሆነ ማናችንም ልብ አላልንም። አትመን፣ ጨርቁ ላይ ነድፈን፣ የሙሽራ ቀሚስ ላይ ጠለፍነው።

ሰርጉ እሑድ ነው። ሐሙስ ዕለት የሙሽራዋ እናት ከይጁቤ መጡ። ቀሚሱን ዘረጉና መስቀሉን በጣታቸው ተከተሉት።

«ልጆቼ፣ የዚህ መስቀል እግሩ በየት በኩል ነው?» አሉ። ያኔ ሁላችንም አየነው።

«ልጄን በተዘቀዘቀ መስቀል ልዳራት?»

እኔ የኮምፒውተሩን ነገር መቀባጠር ጀመርኩ። ይበልጣል አቋረጠኝ። «ጥፋቱ የኔ ነው እናቴ። ጠላፊዎቹ እኔ ያሳየኋቸውን ነው የሠሩት። ቅዳሜ ይምጡና ተስተካክሎ ይውሰዱ» አለ።

ወደ ኮምፒውተሩ ይሄዳል ስል ምላጭ አነሣ። ከኛ ጋር ተቀምጦ ክር ሲተረትር ዋለ። እጁ ለዚህ አልተፈጠረም፤ ጨርቁን ቀዶብኝ የደፈንኩት እኔ ነኝ። ቢሆንም ክሩ ተተርትሮ ሳያልቅ ከወንበሩ አልተነሣም። ከዚያ በኋላ ሥዕሉን ለማቃናት ሻይ እስኪፈላ እንኳ አልፈጀበትም።

«ታዲያ ለምን እሱን አላስቀደምክም?» አልኩት።

«ሙሽራዋ የምትለብሰው ኮምፒውተሩን አይደለም» አለኝ።

ቅዳሜ እናትየዋ መጥተው ቀሚሱን ከላይ እስከ ታች አዩት። «እንግዲህ ልጄን እድራለሁ» አሉ። እሱንም ሰርግ ጠሩት። ሄዶ ሲጨፍር ዋለ፤ ጭፈራውም ከክር አተራተሩ አይሻልም ነበር አሉ።

ይበልጣል ወንድሜ፣ ይህን እየጻፍኩ ኮምፒውተሩን ከፈትኩት። የሳጥኑ መስቀል ከቀሚስ መስቀል በጣም ይተልቃል፤ መጠኑን ብነግረው ጥርት አድርጎ ሣለው። አተምኩት፣ ጨርቁ ላይም አስቀመጥኩት። የሰርግህን ካባ ነበር እኔ እጠልፍልሃለሁ ብዬ የማስበው። ይሄ ሆነ። በጣም ከፍቶኛል።

ነገ በጠዋት ደብረ ኤልያስ ይዤው መጥቼ ለእናትህ በእጃቸው እሰጣቸዋለሁ። አንተ እረፍ፣ ነፍስህን በደጋጎቹ ዘንድ ያኑርልን። ዛሬ ባጠፋ አብሮኝ ቁጭ ብሎ የሚተረትር የለም፤ ቀስ ብዬ ነው የምጠልፍልህ።

ደህና ሁን።