የአሰገደች ደራጎን

የመካኒሳዋ አሰገደች ታይፕ ስትመታ ላያት ሰው ጣቶቿ የራሳቸው ልብ ያላቸው ይመስሉት ነበር። እሷ በመስኮት መንገደኛ እያየች፣ አጠገቧ ካለችው ሠራተኛ ጋር ስለ ስኳር ወረፋ እያወጋች፣ ጣቶቿ ደብዳቤውን ጨርሰው ቁጭ ይላሉ። ሣር ቤት አካባቢ ባለ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከንጉሡ ጊዜ ጀምራ ታይፒስት ናት። መንግሥት ሲለወጥ ማኅተሙና የደብዳቤው መዝጊያ ተለወጡ እንጂ የእሷ ወንበር አልተለወጠም። «ግርማዊነታቸው» እያለ የኖረ ጣት «ደርጉ ባወጣው መመሪያ መሠረት» ማለትን በጥቂት ቀን ለመደው። ጣት ምን ቸገረው፣ ያዘዙትን ይሠራል።

አንድ ልጅ አላት፣ ተካ የሚባል። ተካ ፊልም አይቶ አይጠግብም። አንድ እሑድ «እማዬ፣ ዛሬስ ብቻዬን አልሄድም» ብሎ እየጎተተ ፒያሳ ሲኒማ ቤት ወሰዳት። ፊልሙ የፈረንጅ ነው። ክንፍ ያለው፣ እሳት የሚተፋ አውሬ አንድ አገር ሙሉ ያሸብራል፤ ጢሙ እስከ እምብርቱ የወረደ አስማተኛ በበትሩ ደመና ይጠራል፤ አንድ መልከ መልካም ልዑል ደግሞ በመጨረሻ አውሬውን ይገድላል። ተካ እንግሊዝኛውን በጆሮዋ እየተረጎመላት፣ ፊት ለፊት የተቀመጡት ሰውዬ እየዞሩ እየገላመጡዋቸው፣ እንደምንም አለቀ።

ከሲኒማው ሲወጡ አሰገደች ልዑሉንም አስማተኛውንም አላነሳችም።

«ያቺ እናትስ ምን ሆነች?» አለች።

«የቷ እናት?»

«አውሬው ልጇን የወሰደባት። ደጃፏ ላይ ቆማ ወደ ሰማይ የምታየዋ።»

ተካ ሳቀ። «እማዬ ደግሞ! እሷ እኮ ዋናዋ አክተር አይደለችም። አንዴ ታይታ አለፈች፣ በቃ።»

ነገሩ አልተዋጠላትም። ልጅ ተወስዶባት «በቃ» ይባላል እንዴ? ታክሲ ውስጥም ስታጉረመርም ነበር፤ ተካም እስከ መካኒሳ ድረስ ሲስቅባት መጣ።

ብዙም ሳይቆይ ብሔራዊ ውትድርና ታወጀና ቀበሌው የተካን ስም ጠራ። አሰገደች ሸኘችው። እንደ እናት ሁሉ «በርታ» አለችው፣ ስንቅ ቋጠረችለት፣ መኪናው ከዓይን እስኪሰወር ቆመች። ከማሠልጠኛ ሁለት ሦስት ጊዜ ጻፈላት፤ ወደ ሰሜን ከሄደ በኋላ ግን ድምፁ ጠፋ። ቤቱ ጭር አለባት፤ ከሥራ ስትመለስ በሩን መክፈት እስኪያስጠላት ድረስ።

በሩን ላለመክፈት ጎረቤቷ ሙፊዳ ሱቅ ትቀመጣለች። ሙፊዳ ባሏ መሐሙድ ለዕቃ መርካቶ ሲወርድ ሱቁን የምትይዝ፣ ወሬ የማያመልጣት፣ ልቧ ግን እንደ ቅቤ የሆነች ሴት ናት። አሰገደች ያንን ፊልም እየቆራረሰች አወራችላት። ሙፊዳ ሳሙና የሚገዛውን ሰው አስቁማ ታዳምጣለች።

«እትዬ አሰገደች፣ ይሄማ ተጽፎ መነበብ ያለበት ነው!» አለች አንድ ቀን። «ታይፕ እንደሆነ እጅሽ ላይ ነው፤ ምን ትጠብቂያለሽ?»

ነገሩ እንዲህ ተጀመረ። አሰገደች ተካ ሲመለስ የሚያነበው ልብ ወለድ ልትጽፍ ቆረጠች። እናትየዋንም አክተር ልታደርጋት!

መጀመሪያ የቸገራት የአውሬው ስም ነው። «ዘንዶ» ብላ ጀምራ ለሙፊዳ ብታነብላት፣ ሙፊዳ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

«ዘንዶ ክንፍ አለው እንዴ? እኛ አገር ዘንዶ ፍየል ውጦ ሳምንት ይተኛል እንጂ መቼ ይበራል?»

እውነቷን ነው፤ ዘንዶ አይበርም። አሰገደች ስታስብ ሰንብታ፣ ሀና ማርያም ልትሳለም በሄደችበት ቀን የቅዱስ ጊዮርጊስን ሥዕል አየች። ከፈረሱ እግር ሥር እየተንፈራገጠ ያለው ማን ነው? ደራጎን! በጦር ተወግቶም እንኳ ያስፈራል። ስሙን አገኘችው።

ከዚያ ወዲያ ሌሎቹ ለምሳ ሲወጡ እሷ ዳቦዋን መሳቢያ ውስጥ ደብቃ እየቆነጠረች ትመታለች። አስማተኛው በእጇ ደብተራ ሆነ፤ ሻሽ ጠመጠመ፣ ጭራውን ያዘ፣ ነገር በቅኔ ተናገረ። የንጉሡን ልጅ፣ ልዑሉን፣ አልወደደችውምና ትንሽ ፈሪ አደረገችው። ደራጎኑ የእናትየዋን ልጅ የሚወስድበት ምዕራፍ ላይ ስትደርስ ግን ዳቦው ተረሳ። ወረቀቱን ሳታይ፣ እንባዋ እየወረደ፣ ጣቶቿን ለቀቀቻቸው። የቢሮው ሰው ከምሳ ሲመለስ ምዕራፉ አልቆ እሷ ፊቷን ስትጠርግ ደረሰ።

መጽሐፍ ሊታተም ሳንሱር ማለፍ አለበት። ዋናውን ለሳንሱር ቢሮ አስረክባ፣ በካርቦን የወጣውን ቅጂ ይዛ ሙፊዳ ሱቅ ገባች። ዱቄት ጆንያው ላይ ተቀምጣ ማንበብ ጀመረች። ልጁ የሚወሰድበት ምዕራፍ ላይ ስትደርስ ማንበቧን አቋረጠች።

«ምን ሆንሽ? አንብቢያ!» አለች ሙፊዳ።

አሰገደች ወረቀቱን አዞረችላት። «ደርጉ ልጇን ከእቅፏ ነጥቆ ወሰደባት» ይላል።

ደራጎኑ ለማለት ነው። እሷ ስታለቅስ ጣቶቿ የለመዱትን መትተዋል፤ ቀን ሙሉ ደርጉ፣ ደርጉ ሲሉ የሚውሉ ጣቶች ምን ያድርጉ! ግን ይህንን ማን ያምናታል? ሰው ከዚህ ባነሰ ነገር የገባበት ጠፍቷል።

ሙፊዳ የሱቁን መዝጊያ ገርበብ አደረገች። ወረቀቱን ተቀብላ ደግማ አየችው።

«ስህተት ነው» አለች ቀስ ብላ። «ስህተት ነው እንጂ፣ እትዬ፣ ውሸት አይደለም።»

ይህን ብላ ወረቀቱን የከሰል ምድጃው ላይ ጣለችው። ሁለቱም እስኪያልቅ ድረስ አዩት፤ አሰገደችም እንደ ልጅ ተንሰቅስቃ አለቀሰች። ተካ ከሄደ ጀምሮ እንዲያ አልቅሳ አታውቅም። ለመንግሥት ደብዳቤ የምትመታ ሴት፣ ልጇን ማን እንደወሰደባት አፏ ተናግሮ አያውቅማ።

ዋናው ግን ሳንሱር ቢሮ ተቀምጧል። እንዳትጠይቅ፣ ያላዩትን ማሳየት ይሆንባታል፤ እንዳትተወው፣ እንቅልፍ የለም። በር በተንኳኳ ቁጥር ከመቀመጫዋ ብድግ ትላለች። እንዲህ እያለች ስትከርም «መጥተሽ ውሰጂ» የሚል ስልክ ተደወለላት። ከመሄዷ በፊት የቤቷን ቁልፍ ለሙፊዳ ሰጠቻት። «ተካ ከመጣ ስጪው» አለች።

የሳንሱሩ መርማሪ ጓድ ሮበሌ የሚባሉ፣ መነጽራቸው በክር የታሰረ፣ ጸጉራቸው የሸበተ ሰው ናቸው። ረቂቁን ጠረጴዛው ላይ አደላድለው፣ ቁጭ በይ አሏት።

«መጽሐፍሽ ላይ ንጉሡ ባዶውን ነው የሚሄደው» አሉ በቁጣ። «ንጉሥ ካለ ጨቋኝ ማለት የት ሄደ? እኔው ጨምሬዋለሁ።»

«እሺ ጓድ።»

«ደብተራውም አጉል እምነት እንዳያስፋፋ ጥቂት ቀንሼበታለሁ። የቀረው ደህና ነው። እናትየዋ...» ብለው መነጽራቸውን አወለቁና ጠረጉት። «እናትየዋ ደህና ተጽፋለች። ይታተም ብያለሁ። ብቻ ማተሚያ ቤት ሳትወስጂው በፊት ራስሽ ደግመሽ አንብቢው። ሌላ ሰው አታስነብቢ።»

አሰገደች አመስግና ወጣች። አላዩትም! እግዚአብሔር ዓይናቸውን ጋርዶላታል። አውቶቡስ ፌርማታው ላይ እስክትቀመጥ ድረስ የምስጋና ስለት እየተሳለች ሄደች። ከዚያ ረቂቁን ገለጠችው። ቀይ እስክሪብቶ ያልደረሰበት ገጽ የለም፤ ንጉሡ በየመጣበት «ጨቋኙ» ተደርጎለታል። ሰውየው ነጠላ ሰረዝ እንኳ አላለፉም።

ያንን ገጽ ፈለገች። አገኘችው። «ደርጉ ልጇን ከእቅፏ» ይላል፣ እንደነበረ። ቀጥሎ ያለው «ነጥቆ» ግን እሷም ሙፊዳም ልብ ሳይሉት «ነጠቆ» ተብሎ ተመትቶ ኖሮ፣ በቀይ ተስተካክሏል። በዚያው መስመር፣ አንድ ጣት በማይሞላ ርቀት። ከግርጌው ደግሞ የቢሮው ማኅተምና የጓድ ሮበሌ ፊርማ አርፎበታል።

አይተውታል። አይተው፣ አጠገቡ ያለውን ፊደል አስተካክለው፣ እሱን ትተውታል።

አሰገደችን ሁለት አውቶቡስ አለፋት። ፍርሃቱ ከላይዋ ላይ እንደ ከባድ ካፖርት ወለቀ፤ በምትኩ ለዚያ ሰው አዘነች፣ ስማቸውን እንጂ ሌላ ምንም ለማታውቀው ሰው። ይህ ቃል ከታተመ ከእሷ ይልቅ የእሳቸው ፊርማ ነው የሚጠየቀው። ደግመሽ አንብቢው ያሏት ለዚህ ነው።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት ሁሉም ሲወጡ ምላጯን አወጣች። ወረቀቱ እንዳይቀደድ ትንፋሿን ይዛ «ደርጉ»ን ፋቀችው። ታይፑ ላይ መልሳ ስታስገባው «ደራጎኑ» በአንድ ፊደል በለጠና ቦታው ጠበባት፤ ፊደላቱን አጨናንቃ አስገባችው። ትንሽ ተጣቧል እንጂ አይታወቅም።

ከእንግዲህ ልብ ወለዱን የሚያነብ ሁሉ የፈረንጅ ተረት ነው ብሎ ያልፈዋል፤ ይለፈው። ተካን ማን እንደወሰደባት ግን አሰገደች አንድ ጊዜ ጽፋዋለች፤ አንድ ሰውም አንብቦላታል።