አስቴር ከጀርባው ያነበበችው ካርድ

የወላጆች ቀን ነበር... አቶ አንጁሎ ከአግዳሚው ተነስተው ወደ ጠረጴዛዬ ሲመጡ ደስ ብሎኝ ነበር። ደስታዬ አምስት ደቂቃ እንኳን አልቆየም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጊዜው የአንድ ለአምስት ዘመን ነው፤ ተማሪውም መምህሩም አምስት አምስት እየሆነ የተደራጀበት። እኔ ከሶዶ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ትምህርት ቤት አራተኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ክረምት ላይ ስልጠና ወስጄ አዲስ ዘዴ ይዤ መጥቻለሁ... ቃላትን በቤተሰብ ማስተማር። «ላይት»፣ «ናይት»፣ «ራይት» ሲጻፉ መጨረሻቸው አንድ ስለሆነ አንድ ቤተሰብ ናቸው። ልጁ ጭራውን ካወቀ የፊቱን ፊደል እየቀያየረ ሁሉንም ያነባል፣ ይጽፋል። ስልጠናው ላይ ሲያዩት እንከን የለውም።

ካርድ ያስፈልገኛል፣ ትምህርት ቤቱ ደግሞ ከጠመኔ ሌላ የሚሰጠኝ የለውም። ስለዚህ ገበያው ዳር ሱቅ ወዳላቸው የስልጤ ሰው ሄጄ ባዶ ካርቶን ለመንኩ። የሳሙና፣ የብስኩት፣ የዘይት... የቻልኩትን ተሸክሜ መጣሁ። እኔ ደግሞ ሥርዓት ወዳድ ነኝ። እንዳይደባለቅብኝ ብዬ አንዱን የቃል ቤተሰብ ከአንድ ካርቶን ቆረጥኩ። ባዶው ገጽ ላይ ቃሉን በማርከር ጻፍኩ፤ ሥዕሉና ማስታወቂያው ከጀርባ ቀረ። በዚህ ብልሃቴ ስንቴ ራሴን እንዳደነቅኩ አትጠይቁኝ።

ጨዋታው ቀላል ነው። ካርዶቹን ጠረጴዛ ላይ በፊታቸው እደፋቸዋለሁ፣ ልጁ አንዱን ያነሳል፣ ይገለብጣል፣ ያነባል። በሁለት ወር ውስጥ ክፍሉ እንደ መትረየስ ማንበብ ጀመረ። በተለይ አስቴር፣ የአቶ አንጁሎ ልጅ... ካርዱን ገልብጣ ሳትጨርስ ቃሉ ከአፏ ይወጣል። እኔም «ጎበዝ!» እላለሁ።

አቶ አንጁሎ ገበሬ ናቸው፣ ፊደል አልቆጠሩም። የወላጆች ቀን ጠዋት በር ላይ ያዙኝ። አማርኛ ሲናገሩ ወንድና ሴት ብለው አይጨነቁም።

«መምህር፣ እኔ ማንበብ አላውቅም። አስቴር ዛሬ ፊቴ ካነበበ ይማራል። ካላነበበ አረካ ከተማ እህቴ ጋ ይሄዳል። እህቴ ሻይ ቤት አለው፣ ብርጭቆ የሚያጥብ ሰው ይፈልጋል።»

«ታነባለች አቶ አንጁሎ፣ ራስዎ ያያሉ» አልኳቸው፤ አፌን ሞልቼ።

ሰዓቱ ደረሰና አስቴር ወጣች። አሥራ ሁለት ካርድ አነሳች፣ አንድም አልሳተች። ወላጆች አጨበጨቡ። አቶ አንጁሎ ግን አላጨበጨቡም። ተነስተው መጡና «እኔ ራሴ ልጠይቀው» አሉ። ከዚያ ከክምሩ አንድ ካርድ አንስተው ለልጃቸው አሳዩዋት።

ገልብጠው ነው የያዙት። የጻፍኩት ቃል ወደ እሳቸው ደረት ዞሯል፤ ወደ እሷ የዞረው የሳሙናው ሥዕል ነው... ግማሽ አረፋና አንድ ጣት። ፊደል ለማያውቅ ሰው በቀለም ያማረው ጎን ዋናው ቢመስለው አይፈረድበትም።

«ያዙሩት» ልላቸው ስል አስቴር ቀደመችኝ።

«ናይት።»

ወደ አቶ አንጁሎ ጎን ጠጋ ብዬ አየሁ። ናይት ነው።

ሌላ አነሱ፤ የብስኩት ካርቶን፣ ጥጉ ላይ ፕላስተር የተለጠፈበት። «ሃት» አለች። ሃት ነው። ሦስተኛውን ሲያነሱ ክፍሉ በሙሉ ተቀበላት። ስልሳ ልጅ የዘይት ካርቶን እያየ በአንድ ድምፅ «ቡክ» አለ።

ለካ የአንድ ለአምስት መሪዎቹ ሁለት ወር ሙሉ አራት አራት ልጆቻቸውን ሰብስበው ጀርባውን ሲያስጠኑ ከርመዋል... አረፋው ናይት፣ ፕላስተሩ ሃት። እኔ ደግሞ ማንበብ ያስተማርኩ መስሎኛል።

ርዕሰ መምህሩ ከፊት ተቀምጠዋል። ባለ ቀለሙ ጎን ወደ ውጭ እንደዞረ አይተዋል። አዩኝ፣ አየኋቸው... ከዚያ ጣሪያውን ማየት ጀመሩ።

ምን ልበል? «ልጅዎ ማንበብ አትችልም» ብል አስቴር በማግስቱ አረካ ናት፤ ጥፋቱ ግን የእኔ ነው። ዝም ብል ደግሞ እኚህን ሰው እያታለልኳቸው ነው። አስቴርን አየኋት። ፊቷ በርቷል። ያጭበረበረች አልመሰላትም፤ እኔ ባሳየኋት መንገድ ነው የሄደችው።

ዝም አልኩ።

አቶ አንጁሎ ሁለት እጄን ያዙኝ። ዓይናቸው እንባ ሞልቷል። «ጦሲ አንጆ» አሉኝ በወላይትኛ፤ እግዚአብሔር ይባርክህ ማለት ነው። «ልጄ ይማራል መምህር። እስከ መጨረሻ ይማራል።» እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። እጄን ማስለቀቅ እንኳን አቃተኝ።

ቅዳሜና እሁድን ቤቴ ተቀምጬ ሁሉንም ቃል ነጭ ወረቀት ላይ እንደገና ጻፍኩ። ሰኞ ጠዋት የመጀመሪያውን ካርድ ለአስቴር ሰጠኋት። በትልቁ፣ በጥቁር ማርከር «ናይት» ይላል።

ፊቱን አየችው። ገለበጠችው... ነጭ ነው። መልሳ ገለበጠችው። አሁንም ጀርባውን አየች። ከዚያ ቀና ብላ አዘነችልኝ መሰለኝ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ እንዲህ አለችኝ።

«ቲቸር፣ ይሄኛው ላይ ምንም አልጻፍክም።»

አጠገቧ ተቀመጥኩና ከ«ኤ» ጀመርን... እስከ ዛሬ ሰው ሲያጨበጭብልኝ መጀመሪያ የማየው ካርዱ ወዴት እንደዞረ ነው።