እህቴ ሁለቴ የወደቀችበት ትምህርት

ያኔ የምንኖርበት ቤት ሁለት ክፍል ብቻ ነበረው። የፊተኛው የአባታችን የልብስ ስፌት ቤት ነው፤ የኋለኛው ደግሞ የእኔና የእህቴ መኝታ፣ ማጥኛና መኳረፊያ። በመካከላቸው መጋረጃ እንጂ በር የለም። እኛ የምናወራውን አባዬ ይሰማል፣ የእሱን የስፌት መኪና እኛ እንሰማለን። ዛሬ በር የሞላበት ቤት ውስጥ ነው የምኖረው፤ ሲዘጋ ዝም ነው። እውነቱን ለመናገር ያ ቅጠልያ መጋረጃ ይናፍቀኛል።

እናታችን ካረፈች በኋላ ቤቱን ያቆመችው እህቴ ናት። በአራት ዓመት ስለምትበልጠኝ «እታለም» ነው የምላት። የአየር ቲኬት ቢሮ ውስጥ ስድስት ዓመት ለሰው ቲኬት ስትቆርጥ ቆይታ፣ አንድ ቀን ሥራዋን ለቀቀችና አብራሪ እሆናለሁ ብላ ትምህርት ቤት ገባች። ጎረቤቱ ሳቀ። እኔም ትንሽ ስቄያለሁ፣ አልዋሽም። አባዬ ግን ከሚሰፋው ሱሪ ላይ ቀና ብሎ «በደንብ አጥኚ» አላትና ወደ ሥራው ተመለሰ።

እኔ ፋርማሲ ውስጥ ግማሽ ቀን ስለምሠራ ከሰዓት በኋላዬን ወረሰችው። አንድ ወፍራም የጥያቄ መጽሐፍ ነበራት፤ እያንዳንዱ ጥያቄ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ ተብሎ አራት ምርጫ አለው። እኔ አነባለሁ፣ እሷ አልጋው ላይ በጀርባዋ ተንጋልላ ትመልሳለች። የትምህርቶቹን ስም በትልልቁ ጽፋ ግድግዳው ላይ ለጥፋለች። በተሳሳተች ቁጥር አባዬ ዘንድ ሄዳ እስፒል ትሰርቅና ከትምህርቱ ስም አጠገብ ትሰካለች። እስፒል የበዛበት ደካማ ትምህርቷ ነው ማለት ነው፤ በማግስቱ እሱን እናጠናለን። የአቅጣጫ ስሌት ጃርት መስሎ ነበር። የጭነት ሚዛኑም ቢሆን ደህና አልነበረም። የአየር ጠባይ ላይ ግን አንዲት እስፒል ብቻ! እንደ ውሃ ጠጥታዋለች፤ እኔ ገና «ከሚከተሉት ውስጥ...» ስል እሷ «ሲ!» ትላለች። ቤት ውስጥ ዘጠና ስድስት ከመቶ ታመጣ ነበር።

ፈተናው ደረሰና የአቅጣጫ ስሌቱን አለፈች። የጭነት ሚዛኑንም፣ ሌሎቹንም በሙሉ አለፈች። የአየር ጠባይን ወደቀች። ማለፊያው ሰባ አምስት ነው፣ ያመጣችው ስድሳ ሁለት። ደንግጣ ነው ብለን አጽናናናት። መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ሁለት ጊዜ ከልሰን ቤት ውስጥ ዘጠና ስምንት አስገባች። ሄዳ ተፈተነች። ስድሳ አንድ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የከፋው። በትምህርት ቤቱ ደንብ አንድ ትምህርት ሦስት ጊዜ ከወደቀች ያለፈችው ሁሉ ይሰረዝና ከዜሮ ትጀምራለች። ከዜሮ እንደማትጀምር ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን፤ ያን ሁሉ ዳግም የሚሸከም ጫንቃ አልቀራትም። የቀራት አንድ ዕድልና አምስት ሳምንት ነበር።

እንደገና መጽሐፉን ይዤ ተቀመጥኩ። ሦስተኛው ጥያቄ ላይ መጋረጃው ተገለጠና አባዬ ብቅ አለ፤ አንድ ያልተዘመዘመ እጅጌ ይዟል።

«ልጅቷ ጥያቄውን ሳትጨርሺው እኮ ነው የምትመልሰው» አለኝ።

«ስለምታውቀው ነዋ፣ አባዬ።»

«እንግዲያው የምርጫዎቹን ቦታ እያቀያየርሽ አንብቢላት።»

ሲን ኤ፣ ዲን ቢ እያደረግሁ አነበብኩላት። «ሲ» አለች። ስህተት ነው አልኳት። «ቀልድሽን ተዪ!» ብላ መጽሐፉን ነጠቀችኝ፣ አየችው፣ መለሰችልኝ። ሃያ ጥያቄ ጠየቅኋት፤ ያገኘችው ዘጠኝ ነው። ኩም አለች። ያ ሁሉ ዘጠና ስድስት የፊደል ሽምደዳ ኖሯል፤ እኔም በየቀኑ እያነበብኩ ሳስሸመድዳት ከርሜያለሁ።

«ተለማማጆቼም እንዲህ ናቸው» አለ አባዬ። «በወረቀት ልክ ሲቆርጡ የሚያህላቸው የለም። አንድ ትከሻው የዘመመ ደንበኛ ሲመጣ ግን ይጠፋባቸዋል።»

«አንተ ደግሞ ስለ አየር ምን ታውቃለህ!» አለችው እህቴ። እንዲያ ስትናገረው ሰምቼ አላውቅም፤ በእውነት ቆሽቴ አረረ።

«ምንም አላውቅም» አለ አባዬ። «ለዚህ እኮ ነው ለእኔ ብታስረጂኝ የሚሻለው።»

ስታኮርፍ ዋለች። በማግስቱ አሥር ሰዓት ላይ በርጩማ ይዛ ከስፌት መኪናው አጠገብ ተቀመጠች። አባዬ ከሦስተኛ ክፍል ነው ትምህርት ያቋረጠው፤ በሁለተኛው ቀን ይሰለቸዋል ብዬ ገምቼ ነበር። ከጭጋግ ጀመሩ። ሌሊት ሰማዩ ጥርት ሲል መሬቱ ሙቀቱን ይለቅቃል፣ መሬቱን የነካው አየር ይቀዘቅዛል፣ በውስጡ ያለው እርጥበትም ጭጋግ ይሆናል አለችው።

«ደመና ካለስ?»

«ደመናውማ እንደ ብርድ ልብስ ሙቀቱን ይይዘዋል።»

«ነፋስ ካለስ?»

ወደ ውስጥ ገብታ አነበበችና ተመለሰች፤ ጥቂት ነፋስ ጭጋጉን ያወፍረዋል፣ ብርቱ ነፋስ ይበትነዋል። «እ... አሁን ገባኝ» አለ አባዬ፣ ፔዳሉንም ረገጠ።

በየቀኑ እንዲህ ሆነ፤ ከጭጋግ ወደ በረዶ፣ ከበረዶ ወደ ነጎድጓድ። ከዜሮ በታች ቀዝቅዞም ሳይረጋ ደመና ውስጥ የሚቆይ ውሃ አለ፣ የአውሮፕላን ክንፍ ሲነካው ነው በረዶ የሚሆነው ስትለው «አታሞኚኝ እንጂ!» አለና ሁለት ቀን ሙሉ ተከራከራት። እሷም ሁለት ቀን ሙሉ ስታነብ ዋለች። እኔ አልጋው ላይ ሆኜ በመጋረጃው በኩል አዳምጣለሁ። አንዳንዴ ሁለቱም ይጮኻሉ። ሊለካ የመጣ ደንበኛ ቆሞ ይጠብቃል። አንዱንማ አባዬ «ዛሬ ማታ ሰማዩ ከጠራ ነገ ጠዋት ጭጋግ ነው፣ ካፖርትህን አሁኑኑ ውሰድ» ብሎ ሸኝቶታል። ሰውየው ካፖርቱን አነሳና ሰማዩን ሽቅብ እያየ ሄደ። አሁን አባዬ የለም። እህቴም ከአገር አገር ትበራለች፤ በዓመት ሁለቴ ብንገናኝ ነው። ያን ጊዜ ግን ሦስታችንም በአንድ መጋረጃ ግራና ቀኝ ነበርን። ደስተኞች እንደነበርን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

የሦስተኛው ፈተና ውጤት የሚነገር ቀን ከፋርማሲው አስፈቅጄ ቀረሁ። አባዬ አንዱን ጠርዝ ሦስቴ ሰፍቶ ሦስቴ ፈታው። ከሰዓት ላይ በሩ ተከፈተና እህቴ ገባች፤ ፊቷ ምንም አይነበብበትም።

«ሰማንያ ስምንት» አለች።

ጮኼ ተጠመጠምኩባት። አባዬ ተነስቶ ግንባሯን ሳማት፣ «ጎበዝ» አላት፣ ተመልሶም ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ሲወለውል ቆየ።

«እንግዲህ አሥር ሰዓት ላይ አትመጪም ማለት ነው» አለ።

እኔና እህቴ ተያየን። አምስት ሳምንት ሙሉ ለእሷ ሲል የቻላት መስሎኝ ነበር።

«ፈተናው እኮ አለቀ፣ አባዬ» አለችው ቀስ ብላ።

«አውቃለሁ» አለ መነጽሩን እያጠለቀ። «ግን ነጎድጓዱን አልጨረስሽልኝም።»