ሪክ ቀለም ያልቀባው ብየዳ

ሪክን ለማያውቀው ሰው የማስተዋውቀው በእግሩ ነው። ከገበያው ወደ ባሮ ድልድይ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከማንጎ ዛፍ ስር፣ ከቆመ መኪና ሆድ ሁለት ረጃጅም እግሮች ወጥተው ግማሹን መንገድ ዘግተው ካያችሁ፣ እሱ ሪክ ነው። ባጃጆች ጥሩንባ እየነፉ ይጠመዘዛሉ፣ ገበያተኛው እያጉረመረመ ዞሮ ያልፋል። እሱ እቴ፣ ማንን ከምን ቆጥሮ!

"ሪክ፣ እግርህን ሰብስብ እንጂ! አገር ዘጋህ እኮ!" እለዋለሁ ሳልፍ።

"ማሌ፣ የሺ! መንገዱ ነው ያጠረው" ይለኛል ከስር፤ "ማሌ" የኑዌር ሰላምታ ናት።

እኔ የሺአረግ እባላለሁ። የመቲ ልጅ ነኝ፤ እዚህ ጋምቤላ ከተማ ምግብ ቤት አለኝ፣ ሽሮና ዓሣ ነው የምሠራው። ቶሎ ይነደኛል፣ ቶሎ ይበርድልኛል። ዛሬ ስለ ሪክ የማወራው ግን ተናድጄ አይደለም። ባሌ ዘገየ ማታ ማታ በሩን ገፍቶ "ቤቶች!" ብሎ በገባ ቁጥር ከእግዜር ቀጥሎ የማመሰግነው ይሄን ሰው ስለሆነ ነው።

ሪክ ኑዌር ነው፤ የኢታንግ ልጅ። ግማሹ ዘመዱ ከወሰኑ ወዲያ፣ ደቡብ ሱዳን ነው። ብየዳ ያስተማሩት ከደጋ የመጡ አንድ ሽማግሌ ባትላሜራ ነበሩ፤ የተጋጨ መኪና ቀጥቅጠው ከአዲስ የሚያስበልጡ ሰው። ልጅ አልነበራቸውም። ሲሞቱ ቆሞ ያስቀበራቸው፣ ለቀስተኛውን የተቀበለው ሪክ ነው። የብየዳ መሣሪያቸውን ወረሰ፤ ከመሣሪያው ጋር አንድ ልማዳቸውንም ወረሰ።

ልማዱ ይሄ ነው። መኪና መንገድ ላይ ይሰበርና ባለቤቱ "እባክህ፣ ከተማ ድረስ ብቻ አድርሰኝ" ይለዋል። ሪክ ይበይድለታል፤ ያችን ብየዳ ግን ቀለም አይቀባትም። ትዛግ ይላል። የኋላ ሰው ጎንበስ ብሎ ሲያይ "ይቺ ለጊዜው የተደረገች ናት" ብሎ እንዲያውቅ ነው። ቀለም የሚቀባው ሸክምም መንገድም ፈትኖት "ይሄ የእኔ ሥራ ነው" የሚለውን ብቻ ነው። ደንበኛ ይቆጣዋል፣ "ቀለም ስንት ሊያወጣ ነው?" ይለዋል። እሱ መሣሪያውን ይሰበስባል።

ወደ እኛ ነገር ልምጣ። ዘገየ ዕድሜውን ሙሉ የሰው መኪና ሲነዳ የኖረ ሹፌር ነው። "አንድ ቀን የራሴን" እንዳለ ፀጉሩ ሸበተ። እኔ ደግሞ መቲ ላይ ከአባቴ የደረሰኝ ትንሽ የቡና ድርሻ ነበረኝ። ባለፈው ዓመት ድርሻዬን ለወንድሜ ለቀቅሁና የሰጠኝን ብር ይዤ መጥቼ "በል፣ መኪናህን ፈልግ" አልኩት። ያለን እሱ ብቻ ነበር። እሱ ከጠፋ እንደገና የሚያወርሰኝ አባት የለኝም።

አዲስ መኪናማ የማይታሰብ ነው። ዘገየ እንደሆነ የሚወደው የድሮውን ክብ መብራት ላንድክሩዘር ነው፣ ያንን ከኋላው ግራና ቀኝ አግዳሚ ወንበር ያለውን። "የዛሬዎቹ ኮምፒውተር ናቸው። ዲማ መንገድ ላይ እምቢ ሲሉ ማን ያስነሳቸዋል?" ይላል። ወደ አቦቦና ወደ አልዌሮ ሰው እያመላለሰ ሊሠራበት ነው ሐሳቡ።

እንዲህ ስንፈልግ አቶ ዘርአብሩክ ዘንድ አንዷ ተገኘች። አቶ ዘርአብሩክ ሲሚንቶና ቆርቆሮ የሚነግድ፣ ወፍጮ ያለው፣ አፉ ቅቤ የሆነ ሰው ነው። መኪናዋ ሰማያዊ ቀለሟ ያብረቀርቃል። በዕድሜ እኔና እሷ እኩያ ነን፤ ግን እውነት ለመናገር እሷ ትሻላለች።

"የሺዬ፣ የአገርሽ ልጅ ናት" አለኝ። "መቲ ቡና ስታመላልስ ነው የኖረችው። የደጋ መኪና! ዝገት አታውቅ፣ ውሃ አታውቅ። ባሮን ያየችው ከድልድይ ላይ ነው።"

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ከጎማዎቿ በላይ ቀይ አፈር ተለጥፏል። የመቲ አፈር! አባቴ ከማሳ ሲመለስ ሱሪው ላይ የማየው ያ ቀይ። ዘገየን "ይቺን ነው የምንገዛው" አልኩት፣ እዚያው፣ ሰውየው እየሰማ። እስቲ አሁን ሰው አፈር አይቶ መኪና ይገዛል?

ዘገየ ግን ነድቷት ሲመለስ እሱም ሙሽራ መስሏል። "ሞተሯ አንደኛ ነው" አለ። "ከስሯን በያጅ ይይልኝ እንጂ ጨርሰናል።"

"ሪክን ጥሩት!" አለ አቶ ዘርአብሩክ ራሱ። "የኔ ሰው ነው። የመጋዘኔን በር ቢሉ፣ ወፍጮዬን ቢሉ፣ እሱ ነው የሚበይድልኝ። እሱ ይይላችሁ።"

ሪክ መጣ። በጨርቅ የጠቀለላት ማግኔት አለችው፣ ከተሰበረ ቴፕ ስፒከር የወጣች። በሩ ላይ ሲያስጠጋት ጧ ብላ ተጣበቀች። ዝቅ አድርጎ፣ ከበሩ እግር ላይ ሲያደርጋት ወደቀች። እንደገና አደረጋት፤ እንደገና ወደቀች።

"እዚህ ብረት የለም" አለ። "ስቱኮ ነው፣ ልስን። ቀለሙ ብቻ ነው የያዘው።"

"ትንሽ ተጭራ ነው" አለ አቶ ዘርአብሩክ።

ሪክ በካቻቢቴ የፊት መብራቷን ፈታና እጁን ከኋላው ሰደደ። ያወጣውን መዳፌ ላይ አራገፈልኝ፤ የደረቀ ደለል፣ ውስጡ ሽንብራ የምታክል የወንዝ ቀንድ አውጣ ቅርፊት።

"የሺ፣ መቲ ይሄ አለ?"

መቲ ቡና አለ፣ ጭጋግ አለ፣ ዝንጀሮ አለ። ይሄ የለም። ያኔ እኔም ነቃሁ። ሄጄ ያንን ቀይ አፈር በጥፍሬ ፋቅ ባደርገው እንደ እርጥብ ልጥፍ ተላቀቀ። ከስሩ የእኛው ቆላ ጥቁር ጭቃ ድርቅ ብሎ ተቀምጧል። ለእኔ ተብሎ ነው የተቀባው! ከአባቴ አገር አፈር አስመጥቶ፣ በአባቴ ቡና ሊሸጥልኝ!

"እኔ የነገሩኝን ነው የነገርኳችሁ" አለ አቶ ዘርአብሩክ፣ ላቡን እየጠረገ።

ዘገየ ግን አሁንም ከመኪናዋ ዓይኑን አልነቀለም። "ውሃ ገብቷት ወጥቷል፤ ሞተሯ ጤነኛ ነው። ከስሯ ደህና ከሆነች እንወስዳታለን" አለ። ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሲመኝ ኖሮ እንዴት ቶሎ ይቆርጥለታል?

ሪክ በክሪክ አስነሥቶ ከስሯ ገባ። እግሮቹ እንደ ልማዳቸው ውጭ ቀሩ። ሲቀጠቅጥ፣ ሲፍቅ ይሰማናል፤ የካትራምና የስቱኮ ፍርፋሪ ከስር ይረግፋል። ከዚያ መቀጥቀጡ ድንገት ቆመ። እግሮቹም መንቀሳቀስ አቆሙ። ዘገየ ተንበርክኮ "ሪክ፣ ምነው?" አለው።

ወጥቶ ቆመ። ፊቱ ተለዋውጧል።

"ሻንሲዋ ተበጥሷል። የተበየደ ነው" አለ። "የበየድኩት እኔ ነኝ።"

እኔ እሳት ሆንኩ! "አንተ! አንተም ከእነሱ ጋር ነህ? ሽሮዬን እየበላህ ልታስገድልብን ነው?" ያላልኩት ነገር የለም። ሰፈሩ ወጣ። ሪክ እጁን አጣምሮ፣ ቁመቱን ሁሉ ይዞ ቆሞ አስጨረሰኝ። ስጨርስ በዚያ አጭር አጭር አማርኛው ተናገረ።

"ኢታንግ ጎርፍ የመጣ ጊዜ ነው። መኪናዋ ውሃ ውስጥ ከርማ ነው የወጣችው። ያኔ ነጭ ነበረች፣ ሹፌሩን አላውቀውም። 'ጋምቤላ ድረስ ብቻ' አለኝ። በየድኩ። ሻንሲ ይቀየር አልኩ። ቀለም አልቀባሁም። ስቱኮ መርጎ፣ ካትራም ቀብቶ የደበቀው ሌላ ሰው ነው። ብየዳው ግን የእኔ ነው፤ እጄን አውቀዋለሁ።"

አምናለሁ። እኔም የሸረብኩትን ፀጉር ከመቶ ሴት መሃል አውቀዋለሁ።

"ሪክ" አለ አቶ ዘርአብሩክ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እንጀራህን እየረገጥክ ነው።"

"እንጀራ ይገኛል" አለ ሪክ። "ይቺ ግን ሰው ሞልታ አቦቦ መንገድ ላይ ለሁለት ትሰበራለች። የሚነዳው ዘገየ ነው።"

ዘገየ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ የመኪናዋ አፍንጫ ላይ አስቀመጠ። ወደ ቤት ተመለስን። እኔ ግን መንገድ ላይ አለቀስኩ። አፈር ዓይኔን ሸፍኖኝ፣ ባሌን በገዛ አባቴ ቡና ልቀብረው ነበር እኮ! ሪክ ዝም ቢል ማን ያውቅበት ነበር? ጠዋት ምግብ ቤቱን ለማንም ጥዬ ወደ ማንጎው ሄድኩ። እግሮቹ መንገድ ላይ ናቸው። "ሪክ፣ ስለ ስድቡ ይቅር በለኝ። እግዜር ይስጥልኝ" አልኩት። "ሽሮ አለ?" አለኝ። አለቀ።

ለእሱ ግን አላለቀም። የአቶ ዘርአብሩክ በርና ወፍጮ ወደ ሌላ በያጅ ሄደ። ይባስ ብሎ በከተማው "ሪክ የራሱን ብየዳ የማያምን በያጅ" ተባለ፤ የሚስቁበት ሁሉ "ይሄኛውስ እስከ የት ያደርሰኛል?" ይሉት ጀመር። ሚስቱ ኛዳክ ዓሣ የምታቀርብልኝ እሷ ናት፤ ያን ሰሞን ገበያው እንደቀዘቀዘባቸው ነገረችኝ። ብትነግረኝም አላማረረችም። "ሪክ ይተኛል" አለችኝ፤ "ጥሩ ይተኛል።"

ሰማያዊዋ መኪና ገዢ አጥታ ቆመች። የመጣ ሁሉ አስቀድሞ ሪክን ይጠይቃል፤ ሪክ ደግሞ አይዋሽም። በመጨረሻ አቶ ዘርአብሩክ ራሱ ምግብ ቤቴ መጥቶ ዘገየን "በሆነችው ልክ፣ በርካሽ ውሰዳት" አለው። እኔ "በጭራሽ! ሰይጣን ይውሰዳት!" አልኩ። ጥግ ላይ ሽሮ ሲበላ የነበረው ሪክ ግን "የታወቀ በሽታ ይታከማል። የተደበቀው ነው የሚገድለው" አለ። በሆነችው ልክ ወሰድናት።

ዘገየ ከዲማ፣ ወርቅ ቆፋሪዎች ዘንድ ቆሞ ከቀረ ጭነት መኪና፣ ደህና የሻንሲ ብረት ይዞ መጣ። ሪክ የበሰበሰውን ሁሉ፣ ያችን የራሱን ብየዳም ጨምሮ፣ ቆርጦ ጣለ። ስቱኮውን ልጦ በቆርቆሮ ተካ። በየደ፣ ፈጨ፣ ደግሞ በየደ። ስታልቅ ዘገየ ሲሚንቶ ጭኖ ፈተናት። ከዚያ ሰው መጫን ጀመረ።

እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ጎንበስ ብዬ አያለሁ፤ ብየዳው ቀለም የለውም! የሪክን ልማድ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል?

"ሪክ፣ ለምን አትቀባውም?"

"ገና ነው።"

"ገና ከሆነ ለምን ይነዳታል?"

"ከአቦቦ አያልፍም። በመጣ ቁጥር ከስሯ እገባለሁ።"

እውነቱን ነው፤ ይገባ ነበር። ዘገየ አምሽቶ ሲመጣ እሱ ከማንጎው ስር ባትሪ ይዞ ይጠብቃል። እኔ ደግሞ እቤት የሞተር ድምፅ ሳዳምጥ አመሻለሁ። ክረምቱ ገባ፤ መንገዱ ማጥ ሆነ፣ መኪናዋ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅራ በሌላ መኪና ተጎተተች፣ ድንጋይ ላይ ተላተመች። ሪክ ይገባል፣ ይወጣል፣ "ገና ነው" ይላል። አንድ ቀን ተናድጄ "አንተ ሰው፣ እስክታረጋግጥ እኔ ልሙትልህ?" ብዬ ጮህኩበት። ሳቀ እንጂ አልቀባም።

ክረምቱ ወጣ። አንድ እሑድ ዘገየ ደጃፋችን ላይ መኪናዋን ሲያጥብ ሪክ ከቤተ ክርስቲያኑ ሲመለስ መጣ። ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፣ በአንድ እጁ መጽሐፍ ቅዱስ፣ በሌላው የጥቁር ቀለም ቆርቆሮና ብሩሽ። መጽሐፉን ለእኔ አቀበለኝና በዚያ ሸሚዙ መሬት ላይ ተንጋልሎ ከመኪናዋ ስር ገባ።

"ሸሚዝህ! ኛዳክ ትገድልሃለች!" አልኩት።

ብሩሹ ሻንሲው ላይ ወዲያ ወዲህ ሲል ይሰማኛል። ዘገየ የውሃ ባልዲውን እንደያዘ ቀረ፤ ዓይኑ እንባ ሞልቷል። እኔም ከእነዚያ ረጃጅም እግሮች አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ፣ መጽሐፍ ቅዱሱን አቅፌ አለቀስኩ። ምን ልበል? "አመሰግናለሁ" ማለት አነሰብኝ፤ "ሪክ፣ ልጆችህ ይባረኩ፣ ዕድሜህ ይርዘም" እያልኩ የማውቀውን ምርቃት ሁሉ ጨረስኩት።

ወጣ። ሸሚዙ ጀርባው አፈር፣ ደረቱ ቀለም ሆኗል። ብሩሹን ጠረገ፣ መጽሐፉን ተቀበለኝ።

"የሺ፣ ከዛሬ ጀምሮ ዘገየ ሲያመሽ ተኚ" አለኝ።

በማግስቱ ዘገየ ከአቦቦ አልፎ ዲማ ሄዶ አመሸ። መብራቱን አጥፍቼ ተኛሁ።